ተራው የማን ነው?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ፣ የ4 ዓመት ተኩሏ ልጄ ሳሎን ውስጥ ዕቃ ዕቃ ስትጫወት ሰማኋት። እናት እሷ ናት፤ ልጅ ደግሞ አሻንጉሊቷ። አሻንጉሊቷ በቀጭን ድምፅ «እማዬ፣ ነይ እንጫወት» ትላለች። እናቲቱ ባዶ የክብሪት ቀፎ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ቆይ አንዴ፣ ስልክ ላይ ነኝ» ትላታለች። ትንሽ ዝምታ። «እማዬ!» «ቆይ አልኩሽ እኮ!» እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው አሻንጉሊቷ ሳትጫወት እንቅልፍ ወሰዳት። እናቲቱ በፎጣ ሸፈነቻት፣ ግንባሯን ሳመቻት፣ ከዚያም ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ደግነቱ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ዕንባዬን የጠየቀኝ የለም።

እርስዎስ ልጅዎ እርስዎን ሆኖ ሲጫወት ሰምተው ያውቃሉ? ካልሰሙ አንድ ቀን በር ጀርባ ቆም ብለው ያድምጡ። ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ የሚያሳዩን የገዛ ቤታችንን ነው። ወጡ፣ ቡናው፣ ጎረቤቱ፣ ቁጣችን ሳይቀር እዚያ አለ። እኔ የዚያን ዕለት ራሴን አየሁ፤ ያየሁትንም አልወደድኩትም።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ግን ለመናዘዝ አይደለም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ባሉት ወራት እቤታችን ውስጥ የትኞቹ መጫወቻዎችና ጨዋታዎች እንደሰነበቱ፣ የትኞቹ ደግሞ በሦስተኛው ቀን አልጋ ሥር እንደገቡ ላጫውትዎት ብዬ ነው። ለልደት ወይም ለበዓል ስጦታ ሊገዙ አስበው ከሆነ ኪስዎን ከመዳሰስዎ በፊት ቢያነቡት አይከፋም።

41 መጫወቻ

በማግስቱ የመጫወቻውን ሣጥን ምንጣፍ ላይ ገለበጥኩትና ከ8 ዓመቱ ልጄ ጋር ቆጠርን። 41 ዕቃ ወጣ። 9ኙ ባትሪያቸው ያለቀ፣ 13ቱ ጎማ ወይም እጅ የጎደላቸው፣ 2ቱ የማን እንደሆኑ የማናውቃቸው ናቸው (ከጎረቤት ሳይመጡ አይቀሩም፤ የጠፋበት ካለ ይምጣና ይውሰድ)። ከቀሩት ውስጥ ልጆቹ አዘውትረው የሚነኳቸው ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም። ከ41ዱ ወደ 15 የሚሆኑት ዱባይ የምትሠራው እህቴ በየመንገደኛው እጅ የላከቻቸው ናቸው። ስለ እሷ ኋላ እመለሳለሁ።

በጣም ያናደደኝ ባለ ሪሞቱ መኪና ነው። ባለፈው ገና ደህና ገንዘብ አውጥተን ነበር የገዛነው። ሁለት ቀን ነዳው፤ በሦስተኛው ቀን ቻርጅ አልይዝ አለ። ሻጩም «ዕቃ ከሱቅ ከወጣ አይመለስም» ብሎ አሰናበተን። የሚገርመው ልጄ እንደ እኔ አልተናደደም። መኪናው የመጣበትን ካርቶን ቀዶ ጋራዥ ሠራበት፤ ጋራዡም ከመኪናው በሦስት ሳምንት የበለጠ ዕድሜ ኖረ።

ይህ የእኔ ቤት ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ18 እስከ 30 ወር የሆናቸውን 36 ሕፃናት አንድ ጊዜ 4 መጫወቻ፣ ሌላ ጊዜ 16 መጫወቻ ባለበት ክፍል ውስጥ እያስገቡ ተመልክተዋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት ሕፃናቱ 4 ብቻ ሲቀርብላቸው በእያንዳንዱ መጫወቻ ረዘም ላለ ጊዜ፣ በብዙ ዓይነት መንገድም ተጫውተዋል። 16 ሲሆን ግን አንዱን አንስተው ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ይሄዳሉ።

ሌላው ጥናት ለእኔ ይበልጥ አመመኝ። በሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የታተመው። ከ10 እስከ 16 ወር ሕፃን ያላቸው 26 ወላጆች ቤታቸው ውስጥ ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ ድምፃቸው ተቀዳ። አንዴ መብራት በሚያበሩና በሚያወሩ መጫወቻዎች፣ አንዴ እንደ እንጨት መገጣጠሚያ ባሉ ተራ መጫወቻዎች፣ አንዴም በመጽሐፍ ነው የተጫወቱት። የሚያወራው መጫወቻ በቀረበ ጊዜ ወላጆቹ የተናገሩት ቃል አነሰ፤ ሕፃናቱም ድምፅ ያወጡት ባነሰ መጠን ነው። ዕቃው ሲያወራ እኛ ዝም እንላለን ማለት ነው። እኔም ብሆን የኤቢሲዲ ዘፈን የሚዘፍነውን ላፕቶፕ ለልጄ የገዛሁላት እሱ ያስተምርልኝ ብዬ ነበር።

ስለዚህ 10 መጫወቻ ብቻ ውጭ አስቀረን። የተሰበረውን ጣልን፤ የቀረውን በሁለት ካርቶን አድርገን ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀልነው። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂቱን አውርደን ጥቂቱን እንሰቅላለን። ይሞክሩት። ከቁም ሣጥን አናት የወረደ አሮጌ አሻንጉሊት ሲታቀፍ ቢያዩ ከሱቅ የመጣ ይመስልዎታል።

የእንቁላል ካርቶን ገበጣ

እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከደብረ ብርሃን የመጣችው በዚሁ ሰሞን ነው። ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ ስላለ ቴሌቪዥኑን እየሰማች እንጂ እያየች አይደለም። ልጆቹ ታብሌት ላይ ያለውን ጨዋታ ሊያሳዩዋት ቢሞክሩ «እኔ ምኑን አየሁት የኔ ጌታ» አለች። ቀጥላ 48 ፍሬ ባቄላ ቆጥሬ እንድሰጣት አዘዘችኝ። 30 እንቁላል የሚይዘውን ባዶ ካርቶንም እንዳልጥለው ነገረችኝ።

ያ ካርቶን እያንዳንዱ 6 ጉድጓድ ያለው 5 ረድፍ ነው። ሁለቱን ረድፍ በመቀስ ሲቆርጡት ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ይወጣዎታል። የቀረው ደግሞ ባለ ሦስት ረድፍ ነው፤ በሦስት ረድፍ መጫወት በእኛው በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ የሚታወቅ ስለሆነ እሱንም አይጣሉት።

ገበጣ በየአገሩ ሕጉ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና መሰሎቹ ረጅም ጽሑፍ ሲያትሙ ከየአካባቢው የሰበሰቧቸው አጨዋወቶች ብዛት የሚያስደንቅ ነው። ጨዋታው ራሱ በጣም የቆየ ነው፤ በየሃና በኤርትራዋ መጠራ በአክሱም ዘመን ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ የገበጣ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። የእኛ ቤት ሕግ ግን የእናቴ ሕግ ነው። እንዲህ እንጫወታለን፦

በ12ቱም ጉድጓድ 4፣ 4 ባቄላ ይገባል። በፊትዎ ያለው ረድፍ የእርስዎ፣ ማዶ ያለው የልጅዎ ነው። ተራዎ ሲደርስ ከራስዎ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ መርጠው ያለውን ባቄላ በሙሉ ያፍሱና ወደ ቀኝ በኩል እየዞሩ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ያድሉ። የመጨረሻዋ ባቄላ ፍሬ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀች ያንን ሁሉ አንስተው ማደልዎን ይቀጥላሉ። ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀች ተራዎ አበቃ። ያ ባዶ ጉድጓድ በእርስዎ ረድፍ ያለ ከሆነ ግን ማዶ ትይዩ ያለውን ባቄላ በሙሉ ይበላሉ፤ የእርስዎንም አንዷን አብረው ያነሳሉ። አንደኛው ወገን የሚያነሳው ሲያጣ ጨዋታው ያልቃል፤ የሌላው የቀረው ለራሱ ይቆጠርለታል። ከ24 በላይ የሰበሰበ አሸነፈ።

ለ8 ዓመት ልጅ ይህ ሒሳብ ነው፤ ግን ሒሳብ መሆኑን አይንገሩት። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘውን ጉድጓድ ያነሳ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጣቱን አየር ላይ እያንቀሳቀሰ «ይሄ እዚህ ይደርሳል፣ ያኛው ግን ባዶው ላይ ይቆማል» እያለ ያሰላ ጀመር። እናቴ ደግሞ በጣቷ ጫፍ ነው የምትጫወተው። ጉድጓዱን ዳሰስ ታደርግና ስንት እንዳለ ታውቃለች። አንድ ቀን ልጄ ከእሷ ጉድጓድ አንዲት ባቄላ ቀስ ብሎ ሊያነሳ ሲል እጁን ሳታይ ያዘችው። እንዴት እንዳወቀች እስካሁን አልነገረችንም።

ትንሿ ልጄ ገና ሕጉን አትችልም። እሷ የምታድለውን ባቄላ በሁለት እጇ አቅፋ ይዛ አያቷ ጎን ትቀመጣለች፤ «ቆጣሪ» የሚል ማዕረግ ሰጥተናታል። ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ካሉዎት ለትንሹም ሥራ ይፈልጉለት። አለዚያ ጨዋታውን ይበትነዋል፤ ቢበትነውም አይፈረድበትም።

ካርቶኑ የተገለበጠበት ማታ

ከጨዋታዎቻችን ሁሉ ትልቁ ጠብ የመጣው ከገበጣ ነው። አንድ ማታ ልጄ በተከታታይ ለአራተኛ ጊዜ በአያቱ ተሸነፈና ካርቶኑን በእርግጫ አነሳው። ባቄላው ሶፋ ሥር፣ ምንጣፍ ሥር፣ አንዱ እጣን ማጨሻው ውስጥ ገባ። ባለቤቴ አማቱን «እማማ፣ አንዳንዴ ቢሸነፉለት ምን አለበት?» አላት። እናቴም «አውቄ ብሸነፍለት ነገ ትምህርት ቤት ማን ሊሸነፍለት ነው?» ብላ መለሰች። ሁለቱም ተኳርፈው አደሩ ማለት ይቻላል።

እርስዎ ከየትኛው ወገን ነዎት? እኔ መጀመሪያ ላይ ከባለቤቴ ጋር ነበርኩ። ልጅ ሁልጊዜ ከተሸነፈ ጨዋታውን ይጠላል፤ ይህ እውነት ነው። ግን አውቆ መሸነፍን ልጆች ቶሎ ይነቁበታል። ልጄ አንድ ቀን በካርታ ሳሸነፍለት «እማዬ፣ አውቀሽ ነው አይደል?» ብሎ ካርታውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ያየሁት ከሽንፈት የባሰ ነበር።

መፍትሔውን ያመጣችው እናቴ ናት፤ በማግስቱ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠይቃት። ከራሷ 6 ጉድጓዶች አንድ አንድ ባቄላ እያነሳች 3፣ 3 አስቀረች። የእሱ እንደነበረ 4፣ 4 ሆነ። «እኔ ትልቅ ነኝ፤ በ6 ጎድዬ እጀምራለሁ። ሁለቴ ካሸነፍከኝ አንዷን እመልሳለሁ» አለችው። ከዚያ በኋላ ምንም ሳትሰስት ተጫወተችበት። በሁለተኛው ቀን አሸነፋት። በእውነት አሸነፋት። ባቄላውን ሦስት ጊዜ ቆጥሮ፣ ለእኔ አስቆጥሮ፣ ከዚያ ደጅ ወጥቶ ለዘበኛው ነገረ።

ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው የምናደርገው ይህንኑ ነው። ዳማ ስንጫወት ባለቤቴ ከ12 ቆርኪው ሁለቱን አውጥቶ ይጀምራል። (የዳማ ጠጠር መግዛት አያስፈልግም። 24 ቆርኪ፣ 12ቱ በጀርባቸው 12ቱ በፊታቸው፣ ሰሌዳው ካርቶን ላይ በማርከር የተሠመረ 64 ቤት።) ኩነኔ ያለው በድብቅ መሸነፉ ላይ ነው እንጂ ልጁ እያየ፣ ተስማምቶ፣ የሚሰጠው ብልጫ ክብሩን አይነካም። ልጁ ሲጠነክር ደግሞ ብልጫውን ራሱ «ይብቃኝ» ይላል። የእኔው ልጅ በገበጣ አሁን ከአያቱ ጋር እኩል በእኩል ነው የሚጀምረው።

የተቆጣ ልጅ ግን የተቆጣ ልጅ ነው። ካርቶኑ ዳግመኛ አልተረገጠም ብዬ አልዋሽዎትም። ሕጋችን አንድ ነው፤ የበተነ ይለቅማል፤ ለቅሞ ሲጨርስ ሌላ ጨዋታ የሚጫወትለት ሰው አለ።

ካርታና ሌሎችም

ካርታ ሲባል ቁማር የሚታያቸው ብዙ ታላላቆች አሉ፤ እናቴም አንዷ ናት። ስለዚህ እቤታችን የገባው ኡኖ ነው። የኡኖን አመጣጥ ሳውቅ ደግሞ ይበልጥ ወደድኩት። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ኦሃዮ መርል ሮቢንስ የተባለ ፀጉር አስተካካይ ቤተሰቡ በክሬዚ ኤይትስ ጨዋታ ሕግ ሲጨቃጨቅ ነው የፈጠረው። የዛሬ ልጆችም በኡኖ ሕግ ይጨቃጨቃሉ፤ ያም ሆኖ ከ6 ዓመት ልጅ እስከ ጎረምሳ አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ነገር ብዙ የለም። አንድ ምክር አለኝ፦ ከመጀመርዎ በፊት የቤትዎን ሕግ ይስማሙና በወረቀት ጽፈው ፍሪጅ ላይ ይለጥፉት። እኛ ቤት ሁለተኛው ሕግ «እማዬ ስልክ ካነሳች አራት ካርታ ትስባለች» የሚል ነው። ያወጣው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትዎትም።

ሉዶም አለ፤ ከሕንዱ ፓቺሲ ተወልዶ እንግሊዝ ውስጥ በፓተንት የተመዘገበ። ዕድሉን የሚወስነው ዳይሱ ስለሆነ ትልቅና ትንሽ እኩል የሚሆኑበት ጨዋታ ነው። እኔን ግን ይሰለቸኛል፤ ባለቤቴ ነው የሚጫወትላቸው።

መገጣጠሚያን በተመለከተ ሌጎን የሚያህል የለም፤ ዋጋው እንጂ። ዴንማርካዊው አናጢ ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን እ.ኤ.አ. በ1932 የእንጨት መጫወቻ በመሥራት ነው የጀመረው። በ1958 የወጣው የፕላስቲክ ጡብ ዛሬ ከሚሠራው ጋር ይገጥማል። ባለ 8 ነጥብ የሆኑ 6 ጡቦች በ915,103,765 መንገድ ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ ተሰልቷል። እኛ አንድ ትንሽ ፓኬት አለን። ከእሱ በላይ የተጫወቱበት ግን ሰፈራችን ካለው የእንጨት ሥራ ቤት ያመጣነው ቁርጥራጭ ነው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በሻይ ዋጋ ሰጡን። ባለቤቴና ልጆቹ ሁለት እሑድ ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍጉት ዋሉ፤ አንድም ስንጥር እንዳይቀር እያንዳንዱን በጉንጫቸው እየዳሰሱ። አሁን ግንብ ነው፣ በረት ነው፣ ባቡር ጣቢያ ነው፤ ትናንት ደግሞ ባንክ ነበር።

ከዱባይ የመጣ እንቆቅልሽ

እህቴ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን አላት። በዚያ ቀን ትደውልና «ምን ልላክላቸው?» ትላለች። ልጆቹም ስሟን ከመጫወቻ ጋር ነው የሚያውቁት። የቪዲዮ ጥሪ ሲሆን «አክስት፣ አመሰግናለሁ» ብለው ስልኩን ለእኔ ይሰጡኛል፤ እሷም እነሱን ለማየት የጓጓችበት ጥሪ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። የላከችው አሻንጉሊት የት እንዳለ ስትጠይቀኝ መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር።

ባለፈው ስትጠይቀኝ «እንቆቅልሽ ላኪላቸው» አልኳት። ሳቀች። ቀጥላ ግን ልጄን አስጠርታ «እንቆቅልህ!» አለችው። እሱ ምን እንደሚመልስ አላወቀም። እናቴ ከሶፋው «ምን አውቅልሽ በላት!» ብላ ጮኸች። መልሱን አልቻለም። «አገር ስጠኝ» አለችው። «ሐዋሳን ሰጠሁሽ» አላት። እሷ ሐዋሳን አልፈልግም አለች፤ ጅማንም አልፈልግም አለች። ጎንደር ሲላት ተቀበለችና፣ ጎንደር ገብታ እንዴት እንደተንደላቀቀች፣ እሱ ደግሞ መልስ አጥቶ እንዴት እንደቀረ እየዘረዘረች አሾፈችበት፤ መልሱንም ነገረችው። ያን ቀን ጥሪው 40 ደቂቃ ፈጀ።

አሁን ልጄ ለእሷ ከተሞችን ከግድግዳው ካርታ ላይ እየለቀመ ያከማቻል። የራሱንም እንቆቅልሽ መሥራት ጀምሯል። አንዱ ይኸው፦ ሲጠግብ ዝም ይላል፣ ሲርበው ይጮኻል። እህቴ «ሕፃን ልጅ» ብላ ተሳሳተች፤ አገር ሰጠች። መልሱ ስልክ ነው።

እንቆቅልሽ ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይም ይሠራል። እናቴን ለዓይኗ ይዘናት በሄድን ቀን ሦስት ሰዓት ስንጠብቅ አጠገባችን የነበሩ ሁለት የማናውቃቸው ልጆችም ገብተውበት ነበር። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ፤ ምንም ዕቃ አይፈልግም።

ደጅ

ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ሰበባችን «ቦታ የለም» ነው። ሰኞ ማክሰኞ የሚፈልገው ግን ሁለት ሜትር ሲሚንቶ፣ አንድ ጠመኔ ወይም ከሰል፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እኔ ለልጄ ላሳያት ስዘል ረቡዕ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈና ሁለት ቀን አነከስኩ፤ ይህም ለልጆቹ ትልቅ ጨዋታ ሆነላቸው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ በጩኸቱ ተማረው ወረዱ። ልጆቹን ሊቆጡ ነበር የወረዱት። የተሠመረውን አይተው «አርብ ጠባለች፣ ትንሽ አስፏት» ብለው ተመለሱ።

ቅልልቦሽም ደጅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ይጫወቱታል። አምስት ክብ ጠጠር ብቻ ነው፤ አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ ሳይወድቅ ከታች ያሉትን ማፈስ። እጅና ዓይንን እንዲህ የሚያስማማ መጫወቻ በብዙ ብር ሲሸጥ አይቻለሁ። የጨርቅ ኳስ፣ ብይ፣ አባሮሽ፣ ድብብቆሽ እርስዎም ያውቋቸዋል፤ የሚጎድለው አስጀማሪ ትልቅ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃ አብረው ይጫወቱ፤ ከዚያ በኋላ እርስዎ ባይኖሩም አይፈልጉዎትም።

ስክሪንን በሚመለከት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ስክሪን ፊት ተቀምጦ መዋል አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው። እኛ ታብሌቱን አልጣልነውም። መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ይወጣል።

ከመስጠትዎ በፊት

ባቄላ፣ ጠጠርና ብይ ያልኩት ሁሉ ከ3 ዓመት በታች ሕፃን ላለበት ቤት አይሆንም። የጎረቤታችን ልጅ 1 ዓመት ከ8 ወሯ ነው፤ እሷ ልትመጣ ስትል ገበጣው ተጠቅልሎ ፍሪጅ አናት ላይ ይወጣል። ባቄላ ደግሞ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ መግባት ይወዳል። ቀላል መለኪያ አለ፦ ያለቀ የሶፍት ካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ለዚያ ዕድሜ አይሰጥም።

ከሁሉ በላይ ግን እንደ ቁልፍ ክብ የሆኑትን ትንንሽ ባትሪዎች ይጠንቀቁ። በሚዘምሩ ካርዶች፣ በሚያበሩ መጫወቻዎችና በሪሞት ውስጥ ናቸው። ልጅ ከዋጠውና ጉሮሮ ላይ ከቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ እስኪወጣ አይጠብቁ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ይውሰዱት። የባትሪው ክዳን በብሎን የማይታሰር መጫወቻ ባይገዙ ይመረጣል። ከአንድ በላይ የተዋጠ ማግኔትም አንጀት ውስጥ ተሳስቦ አንጀት ይበሳል። ከእነዚያ 41 መጫወቻዎች ውስጥ ክዳኑ የወለቀ ሦስት አግኝቻለሁ፤ ሌሊት ትዝ ሲለኝ አሁንም ያስደነግጠኛል።

የእናቴ አንድ ዓይን ታክሞ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ነው። ፋሻው በተነሳ ማግስት ገበጣውን ለመጀመሪያ ጊዜ አይታው «ይሄን የሚያህል አስቀያሚ ነገር ነው እንዴ የምጫወትበት!» አለች። ካርቶኑ በወጥና በቡና ተዥጎርጉሯል፤ አንዱ ጉድጓድ በፕላስተር ተለጥፏል። ባለቤቴ ከእንጨት አስፈልፍሎ ሊያሠራላት ቢል ልጄ እምቢ አለ።

ባቄላውም አሁን 47 ነው። አንዷ ካርቶኑ በተረገጠበት ማታ ጠፍታ ቀረች። በምትኳ ከባለቤቴ አሮጌ ካፖርት የወደቀ ቡናማ ቁልፍ ገብቷል። ትንሿ ልጄ ቁልፉን የበላ ሰው ቀጣዩን እንቆቅልሽ ይጠይቃል የሚል ሕግ አውጥታለች፤ ስለዚህ ሁሉም ባቄላውን ትቶ ቁልፉን ያሳድዳል፣ ጨዋታውም ተበላሽቷል። ትናንት ማታ ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። ስልኬ ወጥ ቤት ሲጮኽ ሰማሁት። አሻንጉሊቷን ታቅፋ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«እማዬ፣ ተራሽ ነው።»